ጋሻ ለባሹና ቱርጁማኑ

አያ ጥሩነህ መሞቱን የሰማሁት ፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬ ስገዛ ነው። ነጋዴዋ ሚዛኑን እንደያዘች አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት፣ «ያ ማካሮኒ ቀቃዩ ባንዳ አረፈ አሉ» አለቻት።

«ነፍስ ይማር» አለች ሴትየዋ። ከዚያ ቆም ብላ፣ «ለባንዳም ይባላል እንዴ?» ስትል ጠየቀች።

ነጋዴዋ ጥቂት አሰበችና፣ «ማለቱ አይጎዳም» አለች።

አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። ግን እኔ ሰው ፊት ስሆን ምላሴ ይታሰራል፤ በርበሬዬን ተቀብዬ ሄድኩ።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። ሆኖም ባላምባራስ ቸኮል ከቡሬ ድረስ በበቅሎ መጥተው ንግግር አድርገዋል። ባላምባራስ የተሾሙት በጣሊያን ጊዜ ጠላትን በክርክር አቁመው የመንደራችንን በሬ ስላዳኑ ነው ይባላል። በንግግራቸው ስለ ራሳቸው ረዘም አድርገው ከተናገሩ በኋላ ሟቹን ደግሞ፣ «በዚያን ጊዜ እዚያው አካባቢ የነበረ ሰው» ብለው አነሱት። ይህ ውሸት አይደለም፤ ነበረ። እኔም እዚያው አካባቢ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ ያየሁትን ለመጻፍ ያህል ይበቃኛል።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከቡሬ በታች፣ አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነበር። አያ ጥሩነህ ጎረቤታችን ነው። ገና በጎረምሳነቱ ከአገር ወጥቶ አስመራ አንድ ጣሊያን ቤት ወጥ ቤት ሆኖ ሲሠራ ኖሮ፣ ጣሊያኑ ወደ አገሩ ሲመለስ እሱም ወደ አገሩ ተመለሰ። ይዞ የመጣው አንድ ረጅም እጀታ ያለው መጥበሻና አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ሚስት የለውም፤ በሬ የለውም፤ ያችን የአባቱን ቁራሽ መሬት አባቴ ነው በእኩል የሚያርስለት። ጣሊያን ቡሬ ገብቶ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ፣ አገሩ ሁሉ ጣቱን ወደ አንድ ጎጆ ቀሰረ። አያ ጥሩነህ ቱርጁማን የሆነው እንዲህ ነው። ሹመት ነው ብሎ የቀናበትም ነበር።

የሚያውቀው ጣሊያንኛ ግን የማድቤት ነው። ነገሩ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ እሳት፣ ስለ ጨው ከሆነ ምላሱ አይያዝም። ስለ መንግሥት ወይም ስለ ግብር ከሆነ ግን እንደምንም ወደ ድስት መልሶ ነው የሚያስረዳው። ቡሬ የተቀመጠው የጣሊያን ካፒቴን መጀመሪያ ወደ መንደራችን የመጣ ዕለት ሕዝቡን ሰብስቦ ብዙ ተናገረ፤ እጁን አወናጨፈ፤ ሰማዩንም መሬቱንም አሳየ። አያ ጥሩነህ ሁልጊዜ ሊያስተረጉም ሲል እንደሚያደርገው ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ጠረገና፣ «ትልቅ ድስት ጥደናል ይላል። እንጨቱን የምታመጡት ግን እናንተ ናችሁ» አለ። ሰው ሁሉ ገባው። ካፒቴኑ ንግግሩ ባጭሩ እንዲህ መግባቱን ሲያይ በጣም ደስ አለው።

አያ ጥሩነህ አስተርጉሞ ሲያበቃ አንዲት የማትቀር ነገር ነበረችው፦ «ወጡን የሠራው እሱ ነው፤ እኔ አቅራቢ ነኝ።»

አባቴ አይወደውም ነበር። «የጣሊያን አፍ» ነው የሚለው። በመንገድ ሲያገኘው ሰላምታውን ለጫማው ይሰጣል። እናቴ ግን ከጋገረች ሳትልክለት አትቀርም፤ «ወጥ ቤት ሁኖ ለራሱ የሚሠራለት ያጣ ሰው ያሳዝነኛል» ትላለች።

እንዲህ ሳለን ጣሊያን ወደ በረሃው የሚወርድ መንገድ ሲያስፈልጥ፣ ድንጋይ ውስጥ አጥንት ተገኘ። አንዱ የዘንዶ ነው አለ፤ አንዱ የረጅሞቹ የጥንት ሰዎች ነው አለ። ብዙ ሳይቆይ ዶቶሬ የሚባል የጥንት አጥንት መርማሪ፣ መነጽር ያደረገ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠችው ቀጭን ጣሊያን መጣ። አጥንቱን ሲያይ ተንበርክኮ ድንጋዩን በመዳፉ ደባበሰው። ያየው ሰው ሁሉ፣ «አገኘ፤ ዘመዱን አገኘ» ተባባለ።

ቀጥሎ ትእዛዝ መጣ። አጥንቱ ከነድንጋዩ ከበረሃው ተጎትቶ ቡሬ ይገባል፤ ከየቤቱ ጥማድ በሬ ይውጣ ተባለ።

ይህን ሲሰሙ ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ጠቆረ። ጊዜው የግንቦት መጨረሻ ነው፤ ለዳጉሳው ሁለተኛ እርሻ አልተነካም። ይህ ይቻላል እንበል። ደጋ ያደገ በሬ በረሃ ወርዶ ከተመለሰ ግን ገንዲ የሚባለው በሽታ ይዞት ነው የሚመለስ። ፀጉሩ ይቆማል፤ ዓይኑ ያለቅሳል፤ እያየኸው ይከሳል፤ ከዚያ ይወድቃል። የመንደሩ በሬ ሁሉ ወረደ ማለት የመንደሩ በሬ ሁሉ ሞተ ማለት ነው። በሬ የሌለው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚበላ ለማንም መንገር አያስፈልግም። የሚያድነን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክረምቱ ከገባ ያ ቁልቁለት ለሰውም ለከብትም አይቻልም። ዝናቡ እስኪጥል ድረስ ጣሊያኖቹን በሆነ ነገር መያዝ ነበረብን።

የምንይዝበትን ዘዴ ያገኙት ቄስ ገበዙ ናቸው። ሕዝቡ በተሰበሰበበት ተነስተው፣ «እኛ ክርስቲያኖች ነን። የረከሰ እንስሳ በድን አንነካም። ስለዚህ ይህ እንስሳ ንጹህ ነው ርኩስ? ሰኮናው ስንጥቅ ነው ወይ? ያመሰኳል ወይ? ይህ ሳይታወቅ እጃችንን አናነሳም» አሉ።

አያ ጥሩነህ እጁን ጭኑ ላይ ጠርጎ ይህን አቀረበ። ካፒቴኑ አለንጋውን ጫማው ላይ ጠፍ ጠፍ አደረገ። ዶቶሬው ግን መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ብዙ ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉ ቄስ ገበዙ።

«በአገሬ ትልልቅ ሰዎች ስለዚህ እንስሳ ያወቁት ዋጋውን መጠየቅ ብቻ ነው ይላል። እናንተ ግን በመጀመሪያው ቀን እግሩንና ሆዱን ጠየቃችሁኝ፤ ሊቃውንት ናችሁ ይላል።»

ዶቶሬው ካፒቴኑን ለመነው። አጥንቱ ከዕድሜው የተነሳ ደካማ ነው፤ ተገርፎ የሚሸከም ሰው ይሰብረዋል፤ ወድደው ቢያነሱት ይሻላል አለው። ካፒቴኑ ዶቶሬው ከሮም የተላከ ሰው ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻለም። «ተከራክረው ይጨርሱ፤ ግን ቶሎ» አለ። የእኛን አገር ሰው አለማወቁ የገባን ያኔ ነው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሾላ ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። ዳኛው ጭቃ ሹሙ ናቸው። ቄስ ገበዙ «ርኩስ ነው» ብለው ይከራከራሉ፤ ዶቶሬው ምስክር ነው። «ንጹህ ነው» ብሎ የሚከራከር ደግሞ ያስፈልጋል፤ ለዚህ አያ ቸኮል ተመረጠ። ያን ጊዜ ገና ባላምባራስ አልሆነም፤ ሰው ሁሉ ነገረ ፈጁ ነው የሚለው። የራሱን ክርክር ጨርሶ ምሳውን ቋጥሮ ወደ ሌላ ሰው ክርክር የሚሄድ ሰው ነው።

ጭቃ ሹሙ ወደ ጎን ወስደው፣ «ቸኮል፣ አደራህን። ዝናብ እስኪጥል ተከራከር፤ ከዚያ ተረታ» አሉት።

«መረታት ምን ያቅተኛል ጌታዬ?» አለ አያ ቸኮል። በዕድሜው ተረትቶ አያውቅም።

እኛ ሴቶች ጥጣችንን ይዘን ወደ ጎን ተቀመጥን። መጀመሪያ የተጠየቀው የእንስሳው መልክ ነው። ዶቶሬው በዱላው አፈር ላይ ሣለው። ቁመቱ ከበሬ ብዙ አይበልጥም፤ ርዝመቱ ግን ሦስት በሬ ተከታትሎ እንደቆመ ያህላል። እግሮቹ አጫጭር ናቸው፤ የፊቶቹ ደግሞ ከኋለኞቹ ያንሳሉ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እጅ የሚነሳ ይመስላል። ወርዱ ብቻ መጠን የለውም።

«ሊጥ የበዛበት ዳቦ ነው» ብሎ አቀረበው አያ ጥሩነህ። «ወደ ላይ መነሳት ቢያቅተው ወደ ጎን ሄደ።»

ዶቶሬው ከከረጢቱ አንድ ድንጋይ አወጣ። የሣህን ቂጥ ያህላል፤ መሐሉ እንደ ጣራ ሾል ብሏል። ይህ ቆዳው ውስጥ የበቀለ አጥንት ነው አለ፤ ከጎድኑ ጋር አልተያያዘም፤ ቆዳው ላይ ነው የተተከለው። ከአንገቱ እስከ ጅራቱ በረድፍ በረድፍ ይሄዳል፤ በትልልቆቹ መካከል ያለውን ክፍተት ትንንሾቹ ሞልተውታል። አያ ጥሩነህ፣ «ትንንሾቹ ዳቦ ላይ እንደተነሰነሰ ጥቁር አዝሙድ ናቸው» አለ።

ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ርኩስ መሆኑ ለጊዜው ተረሳ። ጭቃ ሹሙ አገላብጠው አይተው፣ «ጋሻ እኮ ነው!» አሉ። «ከነጋሻው ነው የተወለደ?»

«እኛ አንድ ጋሻ ለማበጀት ጎሽ እንገድላለን» አለ አንድ ሽማግሌ። «ይህ ማንንም ሳይገድል ለበሰ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጋሻ ለባሽ ሆነ።

«ከማን ለመዳን ነው ይህን ሁሉ የለበሰ?» ብለው ጠየቁ ቄስ ገበዙ።

«ጠላት ነበረው ይላል። በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ አፉ የገላውን እኩል የሚያህል፣ የማይጠግብ ሥጋ በል። የሰው አገር አይልም፤ የመጣበት ሁሉ ማዕዱ ነው።»

ሰው ሁሉ አንዴ ወደ ካፒቴኑ ዞረ። ካፒቴኑ የሚታጠፍ ወንበሩ ላይ ሁለት እግሩን ዘርግቶ ዳቦ ይበላ ነበር። ሳቅ ሆነ። ምን ያስቃቸዋል ብሎ ሲጠይቅ፣ አያ ጥሩነህ ሰማይ ሰማይ እያየ አንድ ነገር መለሰለት። እንስሳው አስገርሟቸው ነው ብሎት ነበር፤ በኋላ ነገረን። ያች የመጨረሻዋ ስለ ሰው አገርና ስለ ማዕድ ያለችዋ ግን ከዶቶሬው አፍ መውጣቷን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

የጅራቱ ነገር ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ጫፉ ላይ አጥንት ተጋግሮ እንደ ሙቀጫ ከብዶ ነበር አሉ፤ ጅራቱ ራሱ እንደ ዘነዘና ደረቅ ነው፤ ከሥሩ እየተወረወረ የጠላቱን ቅልጥም ይሰብራል።

አያ ቸኮል ኩታውን አጣፍቶ ተነሳ። «ተጠየቅ! ዶቶሬው የዚህን እንስሳ ጅራት አግኝቷል?»

«አላገኘም ይላል። የዘመዶቹን ጅራት አይቷል።»

«በዘመድ ጅራት ሰው ይከሰሳል? የአጎቴ ልጅ ሌባ ቢሆን እኔ ልታሰር ነው?»

«ነውር ነው!» አለ ሸንጎው። ዶቶሬው ይህ ሲተረጎምለት ተከዘ። ልክ ናችሁ፤ ጅራቱን እስካገኝ ድረስ እርግጠኛ መሆን አልችልም ብሎ መለሰ። ጭቃ ሹሙ የጅራቱን ነገር ለሌላ ቀን ቀጠሩት።

ቄስ ገበዙ ደግሞ መቼ እንደኖረ ጠየቁ። ዶቶሬው አንድ ቁጥር ተናገረ። አያ ጥሩነህ እጁን ጭኑ ላይ ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ።

«ስንት አለ?»

«ብዙ ዘመን ነው ይላል።»

«ብዙ ስንት ነው?»

«እጅግ ብዙ።»

«ከኖኅ በፊት ነው ከኖኅ በኋላ?»

አያ ጥሩነህ ዶቶሬውን ምን ብሎ እንደጠየቀው አላውቅም። መልሱ ግን፣ «ያን ጊዜ እዚህ ቆላ ውኃ ነበረ፤ የተቀበረው በአሸዋው ነው ይላል» የሚል ነው። ቄስ ገበዙ ደስ ብሏቸው፣ «ይህን ካወቀስ ተምሯል» አሉ። ዶቶሬውም ሽማግሌው ባሕሩን በማወቃቸው ተደንቆ እጅ ነሳቸው። በኋላ እናቴ፣ «ቁጥሩን ምነው ደበቅኸን?» ስትለው አያ ጥሩነህ፣ «እንግዳ ፊት የማይቀርብ ምግብ አለ። ማድቤት ይቀራል» አላት።

ሰኮናው ስንጥቅ አለመሆኑ ተመሰከረ፤ በጣቶቹ ነው የሚረግጥ፤ ጣቶቹም ድፍን ጥፍር አላቸው ተባለ። ቀጥሎ የማመስኳቱ ነገር መጣ። ዶቶሬው ከደረት ኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ጥርስ አውጥቶ አሳየ። ባቄላ አያህልም፤ ዳርዳሩ እንደ ቅጠል ጠርዝ ነው።

«በዚህች ጥርስ ያን ገላ ይቀልብ ነበር?»

«የአፉ ጫፍ እንደ ወፍ መንቁር ነው ይላል። ቅጠሉን በዚያ ይቀነጥሳል፤ በጥርሱ ገመስ ያደርጋል፤ ይውጣል። ሥራው ያለው ሆዱ ዘንድ ነው። ሆዱ» አለና አያ ጥሩነህ እጁን ዘርግቶ አሳየ፣ «ሆዱ ጋን ነው። ቅጠሉ እዚያ እንደ ጠላ ሲብላላ ይሰነብታል። ወደ ጎን የሰፋውም ለዚህ ነው፤ ጋኑን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲፈልግ።»

«ታዲያ አያመሰኳም ማለት ነው» አሉ ቄስ ገበዙ በደስታ።

«አንዴ የዋጠውን መልሶ አያይም ይላል። ወጡን የሠራው እሱ ነው፤ እኔ አቅራቢ ነኝ።»

እንዲህ እያልን ብዙ ሄድን። ደመናው በየቀኑ ከዓባይ ማዶ ይነሳል፤ ይጠቁራል፤ ይበተናል። ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ መተኛት አቆመ። ወታደሮቹ ገመድ አዘጋጅተው ከሾላው በታች የሚግጡትን በሬዎቻችንን ይቆጥሯቸው ጀመር። ግን ሸንጎው እስካልተነሳ አይነኳቸውም፤ ዶቶሬው በየቀኑ ለጠያቂዎቹ አዲስ ሥዕል ሥሎ ይመጣል።

ነገሩን ያበላሸችው እናቴ ናት፤ ክፋት አልነበራትም። ጥጧን እየፈተለች ስትሰማ ቆይታ ሳታስበው፣ «ኧረ ለመሆኑ ይህን ሁሉ አጥንትና እሾህ ለብሶ ጥጃውን እንዴት ያጠባዋል?» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። ዶቶሬው ግን ምን እንዳለች ጠየቀ፤ ሲነገረው ከወንበሩ ተነስቶ ለእናቴ ኮፍያውን አወለቀላት። አያ ጥሩነህ መልሱን ሰምቶ እንዳለ አቀረበው፦ «አያጠባም። ጡት የለውም። እንቁላል ነው የሚጥል ይላል።»

አያ ቸኮል ቀስ ብሎ ተነሳ። ዓይኑን ሳየው እንደ ሰከረ ሰው ሆኗል።

«ቄስ ገበዝ፣ ተጠየቁ!»

«እጠየቃለሁ።»

«ሰኮናና ማመስኳት የሚጠየቀው እናቱን ጠብቶ ያደገ እንስሳ አይዶለም?»

«ነው።»

«ዶሮ ሰኮናዋ ስንጥቅ ነው?»

«አይዶለም።»

«ዶሮ ታመሰኳለች?»

ቄስ ገበዙ የሚሄድበት ገባቸው፤ በዓይናቸው ለመኑት። እሱ ግን ማየት አልቻለም፤ ነገሩ ተንጠልጥሎለት ነበር።

«አታመሰኳም። ግን ለፋሲካ ዶሮ አልበሉም? አብረን በላን እኮ! ስለዚህ እንቁላል የጣለ ሁሉ የሚጠየቀው በሰኮናው ሳይሆን በሚበላው ነው። ሥጋ ከበላ ርኩስ፣ ካልበላ ንጹህ። ምስክሩ ራሱ ምን አለ? ቅጠል በል ነው አለ! መንቁር አለው አለ! ጋሻ ለባሽ ጋሻ የለበሰ ዶሮ ነው! ንጹህ ነው! ፍረዱኝ!»

«ኧረ ተረቱ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው ሳያስበው። የመንደሩ ሰው ጥሩ ክርክር ሲሰማ ራሱን መግዛት አይችልም። ቄስ ገበዙ ኤሊ የሚባል እንስሳ መኖሩን፣ እሷም ቅጠል በልታ፣ እንቁላል ጥላ፣ ጋሻ ለብሳ እንደማትበላ ያስታወሱት በማግስቱ ነው።

ጭቃ ሹሙ አያ ቸኮልን አዩት፤ በሬዎቹን አዩ። በሕዝብ ፊት የተረቱበት ግልጽ ክርክር ሆድ ውስጥ አይደበቅም። «ንጹህ ነው ብያለሁ» ብለው ፈረዱ። ያኔ አያ ቸኮል እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከበሬዎቹ መካከል የእሱም ጥማድ ነበረ።

ካፒቴኑ ብድግ አለና ጠየቀ። ምን ተፈረደ ማለቱ እንደሆነ ቋንቋ የማያውቅም ያውቃል። ወታደሮቹ ገመዱን አነሱ። ፀሐይ ገና ከአናታችን አልወረደችም ነበር፤ ያን ጊዜ ቢነዷቸው ከመምሸቱ በፊት በረሃ ይገባሉ።

አያ ጥሩነህ እጁን ጭኑ ላይ ጠረገ። አጭር ነገር ተናገረ።

ከካፒቴኑ ጀርባ የቆመ ከአስመራ የመጣ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ነበር፤ አማርኛም ጣሊያንኛም ይሰማል። «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ጮኸ በአማርኛ። «አልተፈረደም፣ ለሌላ ቀን ተቀጠረ ትላለህ? ንጹህ ነው ተብሎ ተፈረደ እኮ! ሁላችንም ሰማን!» ከዚያም ወደ ካፒቴኑ ዞሮ በጣሊያንኛ ነገረው።

ካፒቴኑ አያ ጥሩነህን ደግሞ ጠየቀው። አያ ጥሩነህ ያንኑ ደገመ። ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀው፤ ያንኑ ደገመ። ከዚያ ሾላው ላይ አሰሩት፤ ሸሚዙን ገፈፉት፤ በጉማሬ አለንጋ ገረፉት። በየመሐሉ ካፒቴኑ እያቆመ ይጠይቀዋል። እኛ ጣሊያንኛ ባናውቅም ያችን «ለሌላ ቀን ተቀጠረ» የምትል መልሱን ከመደጋገሟ የተነሳ በቃላችን ይዘናት ነበር።

ዶቶሬው መሐል ገብቶ ጮኸ። በኋላ አያ ጥሩነህ እንደነገረን፣ ቱርጁማኔን እመናለሁ፤ ገና የጅራቱ ነገር አልታየም፤ ለሌላ ቀን መቀጠሩን ራሴ አስታውሳለሁ አለ። ውሸት አልተናገረም፤ የጅራቱ ነገር በእርግጥ ተቀጥሮ ነበር። ካፒቴኑና ዶቶሬው በራሳቸው ቋንቋ ጭቅጭቅ ያዙ፤ እኛን የሚያስንቅ ጭቅጭቅ ነበር። ወታደሮቹ ገመዱን እንደያዙ ቆመው ይጠብቃሉ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከኛ ወገን አንድም ሰው አልተነፈሰም። ክርክር የሚያውቅ ሁሉ እዚያ ነበረ።

ጭቅጭቁ ሳያልቅ ጥላው ረዘመ። ካፒቴኑ ሊመሽ መሆኑን አይቶ፣ በሬዎቹ ነገ በጠዋት ይወርዳሉ ብሎ ድንኳኑ ገባ። ወታደሮቹ አያ ጥሩነህን ፈትተው እዚያው ተዉት። ገና ወደ ቤታችን ተሸክመነው ስንደርስ ነው ከዓባይ ማዶ የተነሳው ደመና ሳይበተን የመጣው። ሌሊቱን ሁሉ ዘነበ። በማግስቱም አላባራም። ገደሉ ተንዶ ቁልቁለቱን ዘጋው፤ ጋሻ ለባሹ ተመልሶ ተቀበረ። አያ ጥሩነህ የገዛልን ጊዜ ከቀትር እስከ ማታ ብቻ ነው። የሚያስፈልገንም ያን ያህሉ ነበር።

ካፒቴኑ ወደ ቡሬ ተመለሰ። ዶቶሬው ጥርሱን በደረት ኪሱ፣ አንዷን ጋሻ በከረጢቱ ይዞ በበቅሎ ሄደ። ሲያልፍ በራችን ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ፤ ዝናብ እየመታው ትንሽ ቆየ፤ የሚያስተረጉምለት ስለሌለ ምንም ሳይናገር ሄደ።

መሬቱ እንደራሰ እርሻው ተጀመረ። አያ ጥሩነህ እኛ ቤት መደብ ላይ በሆዱ ተኝቷል፤ እናቴ ጠዋት ማታ ለጋ ቅቤ ትቀባዋለች። አባቴ ይገባል፣ ይወጣል፤ ወደ መደቡ አያይም። ስለ ሸንጎው የሚናገርም የለም። አንድ ቀን ግን በቀትር በሬዎቹን ፈትቶ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ መጣና መደቡ አጠገብ ዱካ ስቦ ተቀመጠ። 

«ጥሩነህ።»

«አቤት።»

«ያ እንስሳ።»

«የቱ?»

«ስንት እንስሳ አለ? ጋሻ ለባሹ ነዋ። በጅራቱ ቢወረውር ቢስትስ? ጠላቱ ከላዩ ቢመጣበት ምን ያደርግ ነበር?»

አያ ጥሩነህ አንገቱን በግድ ወደ አባቴ አዞረ። እያሾፈበት እንደሆነ ለማየት ይመስለኛል። አባቴ አላሾፈም።

«ይህን ሸንጎው ላይ አልጠየቃችሁም» አለ። «ዶቶሬው ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ።»

«አሁን ጠየቅሁሃ።»

«ሆዱ ላይ ጋሻ አልነበረውም። ሆዱ እንደማንም ሆድ ነው፤ ለስላሳ። መሮጥ ደግሞ አይችልም። ስለዚህ ጠላቱ ሲመጣበት እግሮቹን አጥፎ፣ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ይተኛል። ጀርባውን ይሰጠዋል።»

«ጀርባውን?»

«ጀርባውን። ያ ይዞራል፣ ይቧጥጣል፣ ይነክሳል። ይህ ዝም ነው። እስኪሰለቸው።»

አባቴ ቀና ብሎ ያን ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ተነስቶ እጁን ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ፤ የቅቤውን ቅል ከእናቴ እጅ ተቀብሎ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ኧረ ቀስ!» አለ አያ ጥሩነህ። «ወፍጮ ነው እንዴ እጅህ?»

«የአራሽ እጅ ነው፤ ቻለው» አለ አባቴ ቅቤውን እያለሰለሰ። «ቀጥል። ከዚያስ?»